ዓመቱ የሚቆረጥበት ቦታ

እማማ ጥሩነሽን ያበገናቸው ከካርድ ክፍል መነሳታቸው ብቻ አይደለም፤ አንድ ቃል የጠየቃቸው ሰው መጥፋቱ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ክሊኒክ ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ አውጥተዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ በቁጥር ግን ማንም አያታልላቸውም። ኮምፒውተር ሲገባ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ገነነ «እንግዲህ አረፍ ይበሉ» ብሎ ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጣቸው። ተራ አስከባሪ!

ኮምፒውተሩ ደግሞ ይጎተታል። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወረደ።

ዊንታ የምትባል የዳታቤዝ ባለሙያ ተጠራች።

«ከነላቦራቶሪው አስራ አንድ ሚሊዮን መስመር መረጃ አንድ ላይ ተከምሮ ነው፣ እማማ። ለአንድ ሰው ብሎ ሁሉን ያስሳል። አሁን በየዓመቱ ከፋፍዬዋለሁ፤ የተጠየቀውን ክፍል ብቻ ይከፍታል።»

«እኔ በሠላሳ አንድ መደርደሪያ ያደረግኩትን ነው አዲስ ነገር ብለሽ የምታመጪልኝ?»

ፈጠነ፤ እንደታሰበው ግን አይደለም። እማማ ከኋላዋ ቆመው አዩ። አንዱ ሕመምተኛ «በሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው የታከምኩት» ሲል ማሽኑ ሁለት ክፍል ከፈተ።

«ለአንድ ዓመት ሁለት ቦታ ምን ያስኬደዋል?»

«በፈረንጆቹ ዓመት፣ ጃንዋሪ ላይ ነው የቆረጥኩት። የዘጠኝ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ…» ዊንታ ሁለቱን ክፍሎች በጣቷ አሳየች።

«ጃንዋሪ ደግሞ ማነው? እዚህ ታክሞ ያውቃል? ስሚ ልጄ፣ ሰው የካርድ ቁጥሩን ይረሳል፤ የታመመበትን ዓመት አይረሳም። ዓመቱ ደግሞ የሚገባው በመስከረም ነው። እኔ ጳጉሜን ስታልቅ አንዱን መደርደሪያ ዘግቼ ሌላ እከፍታለሁ። ሰው በሚጠይቅሽ ልክ ነው የሚቆረጠው!»

ዊንታ ሳትከራከር መስከረም አንድ ላይ ቆረጠችው። ሰኞ ዕለት ረፋድ ላይ ደረጃው ባዶ ሆነ፤ የሕመምተኛው ስም ተጠርቶ ሳያልቅ ፋይሉ ይመጣል።

ዶክተር ገነነ ወርዶ የዊንታን እጅ ጨበጠ። «ጎበዝ!»

«አቆራረጡ የእማማ ነው» አለች።

እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«አትሳቅ ገነነ። ገና ጋውንህ ሲሰፋህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ያ ወንበር አሁኑኑ ከኮሪደር ተነስቶ ካርድ ክፍል ይግባ። እኔ ሳላይም አንድ ዓመት እንዳይቆረጥ። በል፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ እሺ በለኝ!»