የግራ እግር

ከኋላ ያለው ሚኒባስ ለሦስተኛ ጊዜ ክላክሱን ሲያንባርቀው ጥድፌ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። መሪውን የያዘችው አክስቷ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ከፊቷ አንድም መኪና ሳይኖር፣ እንደ ልማዷ ፍሬኑን በግራ እግሯ ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። የኋላው መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ባለሚኒባሱ እየደነገጠ ይሳደባል።

"እትዬ፣ መንገዱ ባዶ ነው እኮ።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምን ያስፈራሻል?"

"ማን ፈራ አለሽ? አርፈሽ ተቀመጪ።"

ማረፍ ለጥድፌ አልተፈጠረላትም። ቅጽል ስሙም የወጣላት በልጅነቷ ምግብ እስኪበርድ መጠበቅ እያቃታት ምላሷን ስትለበልብ ስለኖረች ነው። ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። በምትሠራበት የቪዲዮ ጌም ድርጅት ውስጥ ሰባት ወር ሙሉ የአንዲትን መኪና ፍሬን ስትሠራ ከርማለች። መኪናዋ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አክስቷ ከሁለት ሰዎች ጋር እየተፈራረቀች በሃያ አራት ሰዓት ውድድር የነዳቻት ናት። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የጌሙ መኪኖች ሥራ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይነካም። አለቃዋ አንድ ቃል ሰጥቷታል፦ አክስትሽ ተቀምጣ ነድታ "የኔዋ መኪና ናት" ካለች ያንቺ ፍሬን ይገባል፤ ካላለች ሁሉም መኪኖች የሚጋሩት ፍሬን ይገጠምላታል።

"ሰባት ወር ለፍሬን!" አለች አክስቷ መኪናዋን እያቆመች። "ልጅ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ብቻ ነበር የሚቀረው።"

የመሞከሪያው ክፍል መጋረጃው የተዘጋ፣ የጫማና የምንጣፍ ሽታ የታፈነበት ነው። ሦስት ስክሪኖች፣ በብረት ላይ የታሰረ ወንበር፣ መሪና ሁለት ፔዳል። አለቃው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አጠገቡ ከቢሮው ሰው ሁሉ ፈጣኑን የዙር ሰዓት ስላስመዘገበ ሁሉም "ሪከርድ" የሚሉት ሞካሪ አለ።

አክስቷ ጫማዋን አወለቀች፣ ወንበሩን አስጠጋች፣ ነዳች። አምስት ዙር። ከሪከርድ ሰዓት በስድስት ሰከንድ ዘገየች።

"ቀጥታው ላይ ፍሬን ይይዛሉ" አለ ሪከርድ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። "ትንሽ ፈራ ሳይሉ አልቀሩም።"

የጥድፌ ጆሮ ጋለ። አክስቷ እንዳልሰማች ሆና ተነሣች።

"ቆንጆ ነው። ድምፁም፣ ክብደቷም። የኔዋ ግን አይደለችም።"

"ምኗ?" አለች ጥድፌ።

"እንጃ። በጣም ታማኝ ናት። በረገጥኳት ቁጥር ትቆማለች።"

"የፍሬን ሥራው ማቆም አይደለም እንዴ?"

"የኔዋ እንዲህ ብትሆን ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።"

አለቃው ሰዓቱን አየ። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ። ጥድፌ አክስቷን በክንዷ ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

"አንድ ቃል እኮ ነው፣ እትዬ። 'አዎ' ብትዪ ምን ይነካሻል?"

"ለእህቴ ልጅ ብዬ በመኪናዬ ልዋሽ?"

"በጌም ነው! ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የሆነ ቦታ ቸኩለሻል። ሂጂ ፈልጊው። እኔ ውኃ እጠጣለሁ።"

ጥድፌ ሄዳ የፈለገችው ስህተቷን አልነበረም፤ አክስቷ መሳሳቷን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ያን የድሮ ውድድር መዝገብ፣ በመኪናዋ ሴንሰሮች የተቀዳውን፣ ሳይነካ ሳይጸዳ እንዳለ ከፈተችው። የፍሬን ፔዳሉ ግራፍ በየመታጠፊያው እንደ ጉብታ ከፍ ይላል። በጉብታዎቹ መካከል፣ ቀጥታው ላይ፣ እሾህ የሚያካክሉ ቀጫጭን መስመሮች ቆመዋል። ታውቃቸዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት "የሴንሰር ጫጫታ ነው፣ ትርጉም የለውም" ብላ፣ ከሩብ ሰከንድ ያነሰውን ሁሉ በአንድ መስመር ኮድ ጠርጋ የጣለቻቸው ናቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ይጠብቃት ነበር።

አሁን ቀረብ አድርጋ አየቻቸው። ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሁልጊዜም ከመታጠፊያው ትንሽ ቀደም ብለው። ጫጫታ ደግሞ ጥንድ ሆኖ አይመጣም፤ መታጠፊያም አይጠብቅም።

የጠዋቱ ባለሚኒባስ ክላክስ ትዝ ብሏት ጆሮዋ ላይ ጮኸ።

አክስቷን ያገኘቻት ብርጭቆ ይዛ በመስኮት ስትመለከት ነው።

"ቀጥታ መንገድ ላይ ፍሬኑን ለምንድነው የምትነኪው?"

"አልነካም።"

"ትነኪያለሽ። ዛሬ ጠዋት ሚኒባሱን ልታሳብጂው ነበር።"

አክስቷ ወደ ግራ እግሯ፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል፣ ቁልቁል አየች።  ከዚያ ሳቀች።

"የመታጠፊያው ጎርባጣ ጠርዝ ላይ ስትወጪ ጎማው ይንቀጠቀጣል። ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ የፍሬኑን ሸራ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በመሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ቀጥለሽ ስትረግጪ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል፤ በዚያ ፍጥነት። አንዴ ከጎደለብሽ ነፍስሽ ጉሮሮሽ ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ እግርሽ ቀድሞ ይጠይቃታል፦ 'አለሽ?' ነካ ስታደርጊው ሸራው ቦታው ይመለሳል።"

"ለምን ከመጀመሪያው አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? ስለ ሙቀት ጠየቅሽኝ፣ መልሴን ሳልጨርስ ላፕቶፕሽን ዘጋሽ።"

ጥድፌ ሰዓቱን አየችና ወደ ጠረጴዛዋ ሮጠች። ተመልሳ ተቀመጠች። ጠርዝ ላይ በወጡ ቁጥር ሸራው እንዲሸሽ፣ የሚቀጥለው ርግጫ ግማሹ ባዶ እንዲሆን፣ ቀለል ያለ ንክኪ ግን እንዲመልሰው አድርጋ ጻፈች። ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ተሳሳቱ። ምሳ አላማራትም። ሁለት ጊዜ አበላሸችው፤ ሁለት ጊዜ መልሳ ሠራችው። ሦስተኛው ሠራ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል አክስቷ እንደገና ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ዙር እየቀለደች ነዳች። በሁለተኛው ቀልዱ ቆመ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ፤ ግራ እግሯ ነካ ነካ አለ። በአራተኛው አንድ ጊዜ ሳትነካ ቀረች፤ ፔዳሉ ባዶውን ወረደ፤ ከአፏ የወጣውን ስድብ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። መኪናዋ ለጥቂት ተረፈች። ስትነሣ አንገቷ በላብ ርሷል።

"እሷ ናት" አለች።

"ታዲያ ደስ አላለዎትም?" አለ አለቃው።

"ደስ ይላል መች አልኩ? እሷ ናት ነው ያልኩት።"

ሪከርድ ተቀመጠ። ጠርዙ ላይ ወጥቶ፣ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ፍሬን ያዘና ከመንገዱ ዳር ያለው አሸዋ ውስጥ ገባ። ደገመ፣ አሁንም አሸዋ። "ተበላሽቷል ይኼ ነገር" አለ። አለቃው ገፍቶ አስነሣውና ራሱ ሞከረ። እሱም አሸዋ።

"ፍሬኑ የሚከዳ ጌም ማን ይገዛል?" አለ ከወንበሩ ሳይነሣ።

"ቃል ሰጥተኸኛል" አለች ጥድፌ።

"ሰጥቻለሁ።" ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "ይገባል። ለሚመጣው ቅሬታ ግን አንቺ ነሽ የምትመልሺው። ለእያንዳንዱ፣ በስምሽ።"

"እሺ" አለች፤ ስንት ቅሬታ ሊመጣ እንደሚችል ያሰበችው እሺ ካለች በኋላ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተያይዘው ወጡ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ ቀጥታው ላይ ሲደርሱ ግን ተከፈተ። ጥድፌ የአክስቷን ግራ እግር በዓይኗ ትከታተል ጀመር። ነካ ነካ። ከኋላ ክላክስ። ነካ ነካ። እንደገና ክላክስ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆኖ ከሩቅ ታየ። የአክስቷ እግር አልተንቀሳቀሰም። መብራቱ እየቀረበ መጣ፤ እግሩ አሁንም ዝም።

ጥድፌ ሳታውቀው የመኪናውን ወለል በግራ እግሯ ሁለት ጊዜ ረገጠችው።

አክስቷ ቀስ ብላ በቀኝ እግሯ ፍሬን ያዘችና እንደማንኛውም ሰው ቆመች።

"ማን ነበር ፈሪ ያለኝ?" አለች መብራቱን እያየች።

"ሪከርድ ነው።"

"ከሱ በፊት።"

ጥድፌ መስኮቱን ከፈተች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ክላክስ ተነፋ።

"ሂጂ እንጂ፣ እትዬ" አለች።