የአፈ ጉባኤው ግርማ ሞገስ

አፈ ጉባኤው ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ምስላቸውም ከእሳቸው በፊት ከነበሩት ጎን በምክር ቤቱ መተላለፊያ ሊሰቀል ነው። እዚያ የተሰቀሉት ደግሞ አንዱ ጡጫውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ሌላው ቅንድቡን ሰብስቦ፣ «ወዮልህ!» የሚሉ ናቸው። የእኛ ሰው የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእነዚያ መሀል ገራገር መስለው መቅረትን።

ስለዚህ ሠዓሊው ፊት በተቀመጡ ቁጥር ፊታቸውን ከስክሰው፣ ደረታቸውን ነፍተው ይገተራሉ።

«ክቡርነትዎ፣ ጥርስዎን አመመዎት እንዴ?» አለ ሠዓሊው በመጨረሻ።

«ግርማ ሞገስ ነው!» አሉ ተቆጥተው።

ጥግ ላይ ሹራብ የምትሠራው ባለቤታቸው ሳቋ አመለጣት። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ስኖር ይህን ፊት አይቼው አላውቅም። ከየት ተበደርከው?»

በዚህ ብታበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን አንዴ አፏን ከከፈተች ማን ይመልሳታል! ከሚያፈሰው የቤታቸው ጣሪያ ጀምራ የእሳቸውን እህት እስከ መውቀስ ደረሰች። አፈ ጉባኤው መገተሩን ረሱት። አንገታቸውን ዘንበል፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርጋ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዳምጧት ጀመር። በጉባኤው ስንቱ ጯሂ ይህን ፊት ሲያይ ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ ያየ ያውቃል።

ሠዓሊው ብሩሹን ላፍ አደረገ። «እትዬ፣ በሞቴ እንዳያቆሙ!»

ምስሉ አልቆ ሲያዩት አፈ ጉባኤው ክው አሉ። «አበስኩ ገረድኩ! ይሄ እኮ ሚስቱ የምትቆጣው ሰውዬ ነው! መሳቂያ አደረጋችሁኝ!» አይሰቀልም ሊሉ ሁሉ ዳድቷቸው ነበር፤ ሌላ ለማሣል ግን ጊዜ አልነበረም።

ምስሉ በተሰቀለ ሰሞን ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ዕድሜ ልኩን ሲቃወማቸው የኖረው፣ «ነጎድጓዱ» የሚባለው የምክር ቤት አባል በመተላለፊያው ብቅ አለ። ሊስቅብኝ ነው ብለው ከምሰሶው ጀርባ ሽጉጥ አሉ።

ነጎድጓዱ ባለ ጡጫውንም ባለ ቅንድቡንም ቀና ብሎ ሳያይ አልፎ፣ ከአዲሱ ምስል ፊት ቆመ። ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እኮ ያን ቀን እንደዚያ የተናገርኩዎት ክፋት ኖሮኝ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ይኸውልዎ፣ ነገሩ እንዲህ ነው...»

አፈ ጉባኤውን ደስታው እንባ እንባ አላቸው። ወጥተው ሊያቅፉት ፈለጉ፤ ግን እንዴት ብለው፣ ሰውየው ገና አልጨረሰም።