በእኔ ድምፅ የሚያወራው ግድግዳ

ድምፄን ሲወስዱብኝ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ፀሐይዋ ከከፋች በኋላ ሁላችንም ከመሬት በታች ገባን፤ ኃላፊዎቹ ነዋሪውን ለሚያናግረው ግድግዳ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ሲፈልጉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ድረስ መጡ። እዚያ ማሽኑ ስለሚጮህ እኔም ስጮህ ነው የምውለው፤ ድምፄ ጎላ ያለ ነው። ማንበቡ ብዙም አይሆንልኝም፤ እነሱ ሲሉ ተከትዬ አልኩ። «አይዟችሁ። ባላችሁበት ቆዩ።» የቀረውን ቃል ግድግዳው ራሱ ተማረ።

እኔ ሥራ ስውል ልጄን የሚያስተኛት ግድግዳው ሆነ። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» ይላታል፣ በገዛ ድምፄ። እኔ ደክሞኝ ስገባ እጮህባታለሁ። አንድ ቀን ስቆጣት ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «እማዬ፣ ይቺን ሴትዮ ዝም አሰኚልኝ» አለች። ጎረቤት በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። አድጋ የራሷን ክፍል ከያዘች በኋላም ቂሜ አልወጣልኝም።

ባለፈው ከሥራ ስመለስ ኮሪደሩ ጭስ በጭስ ሆኗል። ግድግዳው፣ «አይዟችሁ፣ ባላችሁበት ቆዩ» ይላል። ሰው እንዳይጋፋ እንዲህ እንዲል ተሠርቷል እንጂ፣ ጭሱ የት እንደደረሰ አያውቅም። አንድም በር አልተከፈተም። በሮቻችን ደግሞ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈቱም። ሮጥኩ።

የልጄን በር ደበደብኩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ክፈቺ!»

«ቆዪ ብለሽኝ የለም እንዴ?»

«እኔ አላልኩም፣ ግድግዳው ነው!»

«ታዲያ አሁን የምታወሪኝ የትኛዋ ነሽ?» አለችና ሳል ያዛት።

ፍርሃት ምላሴን አለሰለሰው። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ክፈቺልኝ» አልኳት።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እሺ፣ እቆያለሁ» አለች።

ወይ ጉዴ! ከተወለደች ጀምሮ ከእኔ አፍ አይዞሽ ሰምታ አታውቅም። ግድግዳው መሰልኳት! ሳሏ እየደከመ መጣ። ደሜ ፈላ።

«አንቺ ዝርክርክ! የበላሽበትን ሳህን ሳታጥቢ ልትሞቺብኝ ነው? ማን እንዲያጥብልሽ ነው? ተነሺ ከዚያ አልጋ፣ ጆሮሽን ነው የምቆርጥልሽ!»

በሩ ተከፈተ።

«እማዬ» አለች፣ ዓይኗ በጭስ እያለቀሰ፣ «አንቺ ነሽ።»

ነጠላዬን በውሃ አርሼ አፍንጫዋ ላይ አሰርኩላትና ይዣት ወጣሁ። ግድግዳው አሁንም አይዟችሁ ይላል፤ ጎረቤቶቻችንም አምነውኝ ተቀምጠዋል። እኔን አምነው! የመወልወያውን እንጨት አነሳሁና ድምፄ የሚወጣባትን ያቺን የተበሳሳች ቆርቆሮ ጸጥ እስክትል ቀጠቀጥኳት። ከዚያ በር በሩን እየደበደብኩ ስድቤን አወረድኩባቸው። ፀጉር ቆራጩን ሰነፍ አልኩት። ነርሷን እንቅልፋም አልኳት። የኮሪደሩን ኃላፊ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም።

በሮቹ መከፈት ጀመሩ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ፣ እያሳለች ከኋላዬ ትጮሃለች፦

«ውጡ! ይሄ የግድግዳው አይደለም፣ የእናቴ ስድብ ነው!»