የቦይለሩ ስፌት

ጠሂራ ከድሪዋ ላይ ሦስት ጠገራ ብር መጉደሉን ያወቀችው የልጇ የፈርሀት ኒካ ሊታሰር አምስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሳጥኑን የከፈተችው ድሪውን አውጥታ ልትወለውለው ነበር። ክሩን በጣቷ ስትከተል አራት ላይ አለቀባት። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም አራት። ሰባቱ ጠገራ አብራር ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ወሎ ውስጥ፣ በአባቷ ግቢ በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ እያነሳ የሰጣት መህር፣ የኒካዋ ጥሎሽ፣ ነው። ደርግ መጥቶ ሄዷል፤ በድርቁ ጊዜ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ተሸጧል፤ መሳለሚያ ጀርባ ያለችውን የቀበሌ ቤት እስኪያገኙ ድረስ ከሰው በረንዳ ሰው በረንዳ ተንከራተዋል። በዚህ ሁሉ መሀል እጅ ያልነካው ነገር ቢኖር ድሪው ብቻ ነበር።

የሳጥኑ አንዱ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው። ሌላው አብራር ጋ ነው። ሌባ ቢገባ ደግሞ ሰባቱንም ጠራርጎ ይሄዳል እንጂ አራቱን መርቆ አይተውም።

አልጠየቀችውም። እናቷ ጥርጣሬሽን ለሌባው ከነገርሽው ስንቅ አሲዘሽ ሸኘሽው ማለት ነው ትል ነበር። ድሪውን በጨርቁ ጠቅልላ ወደ ቦታው መለሰች፤ ሳጥኑን ቆለፈች፤ ባሏን መከታተል ጀመረች።

ያየችው ነገር አልጣማትም። አብራር ሸማ ተራ ዳር ባለችው ሱቁ ሃያ ዓመት ቀለበትና ጉትቻ ሲሠራ የኖረ ብር ሠሪ ነው። ማታ ሲገባ ድካም እንጂ ወሬ ይዞ አይገባም ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እራት ላይ ሳይጠሩት ይስቃል። እሑድ እሑድ ዙህር ሰግዶ ይወጣል፤ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ልብሱ የከሰል ሽታ ይሸታል። አንድ ቀን አውራ ጣቱ ተቃጥሎ መጣና ፍም ነክቼ ነው አላት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ያውም ከእሳት ጋር ያደገ አንጥረኛ፣ ፍም ነክቶ ተቃጠለ ቢባል ማን ያምናል?

የት እንደሚሄድ የነገረቻት ጎረቤቷ ለተብርሃን ናት። ለተብርሃን አረቄ አውጥታ የምትሸጥ ሴት ስለሆነች በሰፈሩ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ታውቃለች።

"ባልሽ ጎጃም በረንዳ ጓሮ ነው የሚውለው፤ ጋሼ ኃይለመለኮት ቤት" አለቻት አጥሩን ተደግፋ። "ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡት ሽማግሌ። የመዳብ ቱቦ አስጭነው ሲገቡ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠሂራዬ፣ መዳብና ቱቦ አንድ ቤት ከገባ እኔ ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። አረቄ ሊያወጡ ነው። የእኔ በሸክላ፣ የእነሱ በመዳብ፤ ገበያዬን ሊዘጉት ነው።"

ጠሂራ ለእስላም አረቄ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አብራር አያደርገውም አለቻት።

"እኔ ይጠጣል አላልኩም" አለች ለተብርሃን። "ደግሞስ እዚያ ቤት እታለም አለች። የወንድማቸው ልጅ። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰፍታ ነው የምትኖረው። ቀይ፣ ረጋ ያለች፣ ዓይነ መልካም። እኔ ምንም አልወጣኝም።"

ምንም ያልወጣት ለተብርሃን ወደ ቤቷ ገባች። ጠሂራ ግን በቆመችበት ቀረች። ጠገራ ብር ለሁለት ነገር ይውላል፤ ወይ ለሴት አንገት፣ ወይ ለሴት ቤተሰብ። ጣውንት እንደሚመጣባት ከዚህ በፊት አንድም ቀን አስባ አታውቅም። አሁን ግን ያቺ ያላየቻት ሴት በእሷ መህር አጊጣ እሑድ እሑድ ከአብራር ጋር ስትስቅ ታያት ጀመር። ፈርሀት በእናቷ ድሪ ተሞሽራ መውጣት ሲገባት በሠርጓ ማግስት የእንጀራ እናት ልታገኝ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አብራር እንደ ወትሮው ወጣ። ጉጠቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ጥቂት ቆይታ ተከተለችው። እሑድ በመሆኑ ሱቆቹ ግማሹ ዝግ ናቸው፤ የጎጃም በረንዳ ጋሪ ገፊዎች ጋሪዎቻቸውን ገልብጠው ከሥራቸው ተኝተዋል። አብራር የጤፍ መጋዘኖቹን አልፎ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ በር ገባ። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። ጠሂራ ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ጣለች።

"ቀስ በይ" ይላል የባሏ ድምፅ። "ቀስ፣ እታለም። እንዲህ። አሁን ትንሽ ጨምሪ።"

ሴቲቱ ከት ብላ ሳቀች።

ጠሂራ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። የከፈተላት ነጭ ሪዛም ሽማግሌ ነው፤ ቅባት የጠጣ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። ማን ነሽ ሳይላት አልፋው ገባች።

ግቢው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የክንድ ርዝመት ያለው የመዳብ በርሜል ተጋድሟል፤ ከሆዱ ቀጫጭን ቱቦ ወጥቶ ውኃ የሞላበት ባልዲ ውስጥ ገብቷል። እታለም እጅጌዋን ሰብስባ የእጅ ፓምፕ ትገፋለች። አብራር ተንበርክኮ ፊቱን በርሜሉ ላይ ሊለጥፍ ደርሷል። ጠሂራን ሲያይ ብድግ አለ።

"አረቄው የት አለ?" አለች ጠሂራ፤ ከልቧ የነበረው ጥያቄ ግን እሱ አልነበረም። የእታለምን አንገት እያየች ነበር። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ሽማግሌው ሣቁን በሪዙ ውስጥ ቀበረው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወንበር አቀረበላትና ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ አስረዳት። ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ በወጣትነቱ በእንፋሎት ከሚሄዱት ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ሲጠግን ኖሯል። ናፍጣው መጥቶ እነዚያ ባቡሮች እንደ አሮጌ ብረት ተቆራርጠው ሲሸጡ በዓይኑ አይቷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከእነሱ አንዷን፣ ቁጥሯን ሳይቀር፣ አሳንሶ እየሠራት ነው። መንኮራኩሩ፣ ፒስተኑ፣ ጭስ ማውጫው በላስቲክ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። መጫወቻ አይደለችም፤ ከሰል በልታ፣ ውኃ ጠጥታ፣ በራሷ እንፋሎት የምትሄድ ባቡር ናት። ይህ መዳብ ቦይለሯ ነው፤ እሳቱ ከሥር፣ ውኃው ከላይ።

"ቦይለር እሳት ከማየቱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ይፈተናል" አላት። "ኋላ ከሚሸከመው እንፋሎት እጥፍ በሆነ ግፊት። ውኃ ቢያፈስ ያረጥበናል፤ እንፋሎት ቢያፈስ ግን ይቀቅለናል። ዛሬ ፈተናው ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የግፊት መለኪያውን መርፌ እይው፣ ንቅንቅ አላለም። ይህ ሁሉ የአብራር እጅ ነው። ስፌቱን የበየደው እሱ ነው።"

"በምን?" አለች ጠሂራ።

"በብር ነዋ። ስታኞ፣ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጡ፣ እሳት ላይ ይቀልጣል፤ ለራዲዮ እንጂ ለቦይለር አይሆንም። የሚችለው ብር ብቻ ነው። ብሩን ከራሴ አዋጣለሁ አለ፤ እኔም እንቢ አላልኩም።"

ጠሂራ ወደ ባሏ ዞረች። አብራር አንገቱን ደፋ። እንግዲህ ጣውንት የለም፤ አረቄም የለም። ሦስቱ ጠገራ አንድ ሽማግሌ ለሚጫወትበት ባቡር ቀልጧል። ልትስቅ ወይም ልታለቅስ ሲገባት ሁለቱንም አልቻለችም፤ ልቧ አሁንም አልቆረጠም። የጠፋባት ብር ነው፤ ብሯን ማየት አለባት። ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

ሠላሳ ዓመት የአንጥረኛ ሚስት ናት። አብራር የሠራውን ስትወለውልና ስትመዝን፣ ደንበኛ ያመጣውን አሮጌ ብር ስትመረምር ነው የኖረችው። በእሳቱ በኩል ያለውን ስፌት በዓይኗ ተከተለችው፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ የጠራ። በመርፌው ጫረችው፤ መርፌው አንሸራተተ። ብሯ ነው። በጭስ ማውጫው በኩል ያለውን ዞራ አየችው። እሱም ነጭ ነው፤ ግን ነጭነቱ ደበዝ ያለ፣ የደመና ነጭ ነው። ጫረችው። መርፌው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባ።

"ይኼ ብር አይደለም" አለች።

እታለም ፓምፑን ለቀቀች። ጋሼ ኃይለመለኮት መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አጎነበሰ፤ በጥፍሩ ነካው፤ ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

"አብራር፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ስታኞ ነው።" ድምፁ አይሰማም ነበር። "ብሩ አነሰኝ። እሳቱ በወዲያኛው በኩል ነው፣ እዚህ አይደርስም ብዬ ነው።"

"እዚህ የሚደርሰው ጭሱ ራሱ እርሳስ ያቀልጣል።" ሽማግሌው አልጮኸም። "ቀዝቃዛ ውኃ ይህን አያጋልጠውም። ለሚቀጥለው እሑድ እሳት ልናስገባ ነበር። እታለም የምትቆመው እዚህ ጋ ነው። ለምን አልነገርከኝም? ብር የለኝም ብትለኝ ምን እልህ ነበር?"

አብራር የሚያየው ሽማግሌውን አልነበረም፤ ሚስቱን ነው። ጠሂራ ያንን አስተያየት አወቀችው፤ በሰው ፊት የማይነገር ነገር አለ ማለት ነው። ጥያቄዋን ዋጠች እንጂ አልተፋችም። ነጠላዋን አስተካክላ ጋሼ ኃይለመለኮትን ይቅርታ ጠየቀች፤ እሳት እንዳያስገባ አስጠነቀቀችው፤ ተነስ አለችው ባሏን።

ከተገለበጡት ጋሪዎች መሀል ሲደርሱ ቆመች።

"ሦስት ወሰድክ" አለችው። "ብር ያለው የሁለት ያህል ነው። ሦስተኛውን ለማን ሰጠኸው?"

"ለማንም አልሰጠሁም። ስታኞ ነው ያልኩት እሱ ነው።"

"አትቀልድብኝ፣ አብራር። እኔ የማወራው ስለ መህሬ ነው።"

"እኔም ስለ እሱ ነው።" ግድግዳውን ተደገፈ። "ስድስት ነበረኝ። አባትሽ ሰባት አሉ። ከሰባት ካነሰ ልጄን አልሰጥም አሉ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንዱን ጠገራ አሸዋ ላይ አተምኩና ከቆርቆሮና ከእርሳስ አንድ ሐሰተኛ አወጣሁ። ኋላ እተካዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እያልኩ፤ ከዚያ አንቺ ያኔ ከአንገትሽ አታወልቂውም ነበር፣ እኔም አፌ ታሰረ።"

ጠሂራ አንገቷን በእጇ ዳሰሰች።

"የፈርሀት አማቾች ወርቅና ብር ነጋዴ ናቸው" አለ። "ድሪው እጃቸው ሲገባ ወዲያው ያውቁታል። ስለዚህ ሐሰተኛውን አወጣሁት። ሁለቱን ለቦይለሩ ወሰድኩ፤ እሱ እውነቴን ነው፣ እጄ ከጉትቻ ሌላ ነገር ይችል እንደሆነ ማየት አማረኝ። መጨረሻ ላይ ብሩ አለቀ። ሌላ ከድሪሽ ለማውጣት ሄጄ ሳጥኑን ከፍቼ ዘጋሁት። ያ ሐሰተኛው ኪሴ ውስጥ ነበር። ለምንም አይሆን፤ አንዴ ከቀለጠ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ለስፌቱ አዋልኩት።"

ብዙ ነገር ጠርጥራ ነበር፤ ሴት፣ አረቄ፣ ሌባ። አንድም ቀን ያልጠረጠረችው አንገቷ ላይ የዋለውን ነው። የሰውን ብር እየጫረች ሐሰተኛውን ስትለይ የኖረችው ሴት የራሷን አንድ ጊዜ አልጫረችም።

ቤት ገብተው በሩን ዘጋች። አራቱን ጠገራ ከክሩ ፈትታ ምንጣፉ ላይ ደረደረችና ከእነዚህ ውስጥስ የትኛው ነው አለችው። ወላሂ ያው አንዱ ብቻ ነበር አላት። ሞረዱን አምጣ አለች። አብራር ወላሂ ብዬሻለሁ ሊል አፉን ከፈተና ተወው፤ ሞረዱን አመጣ። የአራቱንም ጠርዝ በየተራ ሞረደችው። አራቱም ነጭ ናቸው። ያኔም አላመነችም፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ላይ ጥላ ድምፁን ሰማች።

ከዚያ ሦስቱን መልሳ ሰካች። ፈርሀት በሦስት ጠገራ ትሞሸራለች፤ ለአማቾቹ ሦስት ነው ብሎ የሚነግራቸውም እሱ ራሱ ነው። አራተኛውን በመዳፏ ጨበጠችው።

"ይኼ ለስፌቱ ነው። የእኛ ቤት ውሸት ሽማግሌውንና ያቺን ሚስኪን እንዲቀቅላቸው አልፈልግም። አንተ ግን አትይዘውም። እሑድ ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ።"

እሑድ ይዛው ሄደች። ጋሼ ኃይለመለኮት የኋለኛውን ስፌት ፈትቶ፣ ስታኞውን እስከ መጨረሻው አራግፎ፣ መዳቡን በአሲድ አጥቦ ጠበቃቸው። ማቅለጫው ፍም እስኪመስል ድረስ ጠገራውን ከጭብጧ አላወጣችም፤ ሲደርስ ራሷ ጣለችው። አብራር ነሐስና የመበየጃ ዱቄቱን ቦራክስ ጨመረበት። ብሩ ቀልጦ ፈሰሰ፤ ቀዝቅዞ ዘንግ ሆነ። አብራር ዘንጉን ቀጥቅጦ አሳሳው፤ ከዚያም ወናፉን ለእታለም ሰጥቶ መበየድ ጀመረ። ጠሂራ ብሩ በመጋጠሚያው ውስጥ እንደ ውኃ ሲሮጥና ዙሪያውን ሲያሟላ ዓይኗን ሳታርገበግብ አየች። ሲበርድ በመርፌዋ ጫረችው። የውኃው ፈተና ተደገመ፤ የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ ኃይለመለኮት ቦይለሩን በመንኮራኩሮቹ ላይ አስሮ፣ ባቡሯን ጠረጴዛው ላይ በዘረጋው አጭር ሐዲድ አቁሞ እሳቱን ሲለኩስ ሁላችሁም ከቤቱ በር ኋላ ቁሙ አለ። እታለም ሄደች። ጠሂራም ሄደች። አብራር ግን አልሄደም። በጭስ ማውጫው በኩል፣ ስፌቱ ከፊቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ በርከክ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ተቆጣው፤ አልሰማውም።

የግፊቱ መርፌ ተነሳ። ውኃው ከውስጥ ማጉረምረም ጀመረ። እታለም መንኮራኩሩ ሲንቀሳቀስ ለማየት በበሩ ስንጥቅ አንገቷን አስግጋለች። ጠሂራ ባቡሯን አላየችም። የምታየው የባሏን ፊት ነው፤ ፍርሃት ካለበት ታውቀዋለች።

ሽማግሌው አንዲት ትንሽ ቁልፍ አዞረ፤ ባቡሯ ተነፈሰችና ሐዲዱ ላይ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ደገመች። እታለም እልል አለች። አብራር ወደ በሩ ዞሮ ሚስቱን ፈለገ። ፊቱ ላይ ላብ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረበትም።

ጠሂራ ከበሩ ኋላ ወጣች። ወደ ባሏ አልሄደችም፤ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከሰሉ አልቆ መዳቡ እስኪበርድ ድረስ ዓይኗን ከስፌቱ ላይ አላነሳችም።