ለዒድ የለበሰው ፍሪጅ

ራቁቱን የቆመ ዕቃ አልወድም። ሹም አቦ ሰፈር ባለችው ቤታችን ቴሌቪዥኑም፣ ዲኮደሩም፣ ስታብላይዘሩም ሳይቀር በእጄ የሠራሁት ዳንቴል አላቸው። ባሌ ነስረዲን «ከእኔ በቀር ያልለበሰ የለም» እያለ ይቀልድብኛል።

ከሁሉም የምኮራው በፍሪጁ ዳንቴል ነው። ፍሪጁን የገዛነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ልጃችን ሱምያ በሰባት ዓመቷ ስኳር የተገኘባት ጊዜ ነው። ኢንሱሊኗ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ዳንቴሉንም ያኔ፣ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ፣ እንባዬ እየወረደ በኪሮሽ ሠራሁት።

ረመዳን ሊገባ ሲል ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መልካሙ ሶኬት ሊጠግን መጣ። የፍሪጁን ጎን ነካና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«እትዬ ዘይነት፣ ይኸ ዕቃ ትኩሳት ይዞታል። ሙቀቱን የሚያስወጣው በጎኑና በጀርባው ነው። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት፤ ልብሱንም ያውልቁለት። በዚህ በቆርቆሮ ቤት፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ እንዲህ ታፍኖ አይከርምም።»

ማን ጠየቀህ አልሁ በሆዴ። ያም ሆኖ እንዳለው አደረግሁ። ሁለት ቀን ብቻ! በሦስተኛው ቀን ለጾም መፍቻው፣ ለፍጥር፣ እንግዳ ሲጠራ ያ አቧራ የጠገበ ጀርባው አሳፈረኝ፤ ገፍቼ ከግድግዳው አጣበቅሁት፤ ዳንቴሉንም መለስሁለት። ዒድ ሲቃረብ ደግሞ ከዳንቴሉ ሥር ቀይ ከፋይ ጨመርሁለት።

አንድ ቀን ፍጥር ላይ ነስረዲን «ውሃው እንደ ድሮው አይቀዘቅዝም» አለ።

«ጣና ራሱ ሞቆ የለ! ፍሪጁ ምን ያድርግ?» አልሁት። ተሳሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የዒድ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ጎረቤቴ ሙኒራ ዳንቴሉን እየዳሰሰች «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ» ስትለኝ ደስታዬን አልቻልሁትም። ሱምያ ቀሚሴን ሳበችኝ።

«እማ፣ ጠማኝ።»

«አሁን አይደል የጠጣሽው?»

«እንደገና ጠማኝ።»

«በዚህ ሙቀት ያልጠማው ማን አለ!» አለች ሙኒራ። እኔም ተቀበልኋት። የስኳርን ጥማት ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ግን መርፌዋን አንድ ቀን አላጓደልሁም። የደም ስኳሯ መለኪያ ወረቀት አልቆብን ሳምንት ቢያልፈውም፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ምን ትሆናለች ብዬ ተዘናጋሁ።

በማግስቱ አስመለሳት። ከሰዓት በኋላ ስጠራት ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ነስረዲን ተሸክሟት ሮጠ፤ እኔ ነጠላ ጫማ በአንድ እግሬ ተከተልሁ።

ሆስፒታል በደም ሥሯ ፈሳሽና አዲስ ኢንሱሊን ሲሰጧት ነርሷ ከቤት ይዘን የመጣነውን የኢንሱሊን ብልቃጥ አገላብጣ አየችው።

«የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ፍሪጅ ውስጥ» አልሁ ቀና ብዬ።

«ፍሪጁ በደንብ ያቀዘቅዛል?»

ነስረዲን ዞሮ አየኝ። አዎ ለማለት አፌን ከፈትሁ። አዎ ብል ግን ያንኑ በሙቀት የሞተ መድኃኒት መልሼ ልወጋት ነው።

«አልብሼው ነበር» አልሁ።

«ምኑን?»

«ፍሪጁን። ለዒድ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ምነው በሳቀችብኝ! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሱምያ በስድስተኛው ቀን ቤቷ ገባች፣ አልሐምዱሊላህ። ፍሪጁ ከግድግዳው ርቆ፣ ጎኑ ዝጎ፣ ራቁቱን ቆሟል። መልካሙ መጥቶ ጀርባውን ጠርጎታል፤ ውስጡም ቴርሞሜትር አስቀምጦልኛል። ዳንቴሉን አጣጥፎ እጄ ላይ አኖረልኝ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ፤ ሙኒራ ልትጠይቀን ብርቱካን ይዛ መጥታለች። ልከፍት ስነሳ ሱምያ ከአልጋዋ ላይ በዚያች በሰለለች ድምጿ ጠራችኝ።

«እማ፣ ፍሪጁን አልብሽው እንጂ! እንግዳ መጥቷል።»

በሩን ሳልከፍት እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።