ፌንጣ በአፏ የያዘችው ወፍ

ግዌንዳ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀጥ ብላ ቀረች። ድምፁ እንደገና መጣ፤ ከፍ ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ስብር የሚል ቀጭን ዜማ። ብሪስልበርድ! አባል ከሆነችበት የወፍ ተመልካቾች ክለብ ይህችን ቡናማ ወፍ በዓይኑ ያላየ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። በቁጥቋጦ ሥር እንደ አይጥ እየሮጠች ነው የምትኖረው፤ ድምፅዋን የሚሰማ ብዙ፣ መልኳን የሚያይ ጥቂት።

"ጠብቂኝ የኔ ቆንጆ፣ እንዳትሄጂብኝ" አለች በሹክሹክታ።

ድምፁ የሚመጣው ግን ከመንገዱ በታች፣ የቁጥቋጦው ሜዳ አልቆ ደኑ ከሚጀምርበት ሸለቆ ነበር። ግዌንዳ ከንፈሯን ነከሰች። ባለፈው ዓመት እርጥብ ቅጠል አንሸራትቷት ቁርጭምጭሚቷ ከዞረ ወዲህ፣ ያለ ልጇ ብሮንዊን ለብቻዋ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የተስማሙት በሁለት ነገር ነው፤ ከመንገድ መውጣት የለም፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ኔትወርክ ወዳለበት መኪና ማቆሚያ ተመልሳ መደወል አለባት። ካልደወለች ብሮንዊን መጥታ ወደ ቤት ትወስዳታለች፤ ግዌንዳ ማታ ልታድርበት የተከራየችው የተራራው ጎጆም፣ ለብቻ መውጣቱም በዚያው ያበቃል። ብሮንዊን ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት።

"ጥቂት እርምጃ ብቻ" አለች ግዌንዳ ለራሷ።

የጀርባ ቦርሳዋን አጠበቀች። ቦርሳው ውስጥ ለእባብ ንክሻ የሚሆን ፋሻ፣ ፊሽካ፣ ለአልቅት የሚነሰነስ ጨው፣ የዝናብ ካፖርት፣ እሱ ቢረጥብስ ብላ የጨመረችው ሌላ የዝናብ ካፖርት ነበር። በባሕር ዛፎቹ መካከል ቅርንጫፍ እየጨበጠች፣ እግሯ የሚያርፍበትን ሁሉ እየመረመረች ወረደች። ዜማው ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተሰማ። የሩቅ ማያ ባይኖኩላሯን አነሳች።

ከግንዱ ጀርባ ኩካበራ የሚባለው ወፍ እንደ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ጅራፍ ጮኸ፤ እንደ ጅራፍ የሚጮኸው ወንዱ ጅራፍ ወፍ፣ የምትመልስለት ሴቷም፣ ሁለቱም ከአንድ ጉሮሮ! ከዚያ ያ የብሪስልበርድ ዜማ፣ ስብራቱ ሳይቀር።

"አንተ ሌባ!" አለች ግዌንዳ።

ላየርበርድ ነበር። ክራር የመሰለውን ረጅም ጭራውን በራሱ ላይ እንደ መጋረጃ ዘርግቶ፣ የደኑን ወፍ ሁሉ ዘፈን እየሰረቀ ይዘፍናል። ላየርበርድ ባለበት አገር ጆሮ እንደማይታመን ክለቡ ውስጥ ትናንት የገባ እንኳ ያውቃል። እሷ ግን ይኸው፣ በዚህ ዕድሜዋ! ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በኮፍያዋ አፍና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱ ምንም አልመሰለውም፤ ዘፈኑን ቀጠለ፤ እሷም አፏን ከፍታ ቀረች። ሰዓቷን ስታይ ክው አለች።

ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። መንገዱ ላይ ደርሳ ጥቂት እንደሄደች፣ የመኪናዋ ጣሪያ ከሩቅ ብልጭ ሲል፣ አንዲት ቡናማ ወፍ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሮጣ ወጥታ ከፊቷ ቆመች።

እውነተኛዋ ብሪስልበርድ! ደረቷ፣ ሰፊው ጭራዋ፣ ቀይ ዓይኗ፣ ሁሉም። የግዌንዳ ልብ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ። ወፏ በአፏ ፌንጣ ይዛለች፤ አትውጠውም፣ አትጥለውም፤ ጭራዋን እያወራጨች ወደ ግዌንዳ ጫማ ትመለከታለች። ከጫማዋ አጠገብ ካለው የሣር ጉንጉን ውስጥ ደግሞ ቀጭን ጭውጭውታ ተሰማ።

"ውይ! ልጆችሽ ደጃፍ ላይ ነው እንዴ የተገተርኩት?"

ለወፍ ተመልካች ይህ ሕግ ነው፤ ጎጆ ካገኘህ ራቅ፣ ፎቶ አታንሳ፣ ቦታውን ለማንም አትናገር። መኪናው ግን ወፏ ከቆመችበት ወዲያ ነው። ፈጠን ብላ ብታልፍስ? ብሮንዊን ስልኳን ጨብጣ በመስኮት ስታይ በሐሳቧ ታያት። ወፏ ግን ፌንጣዋን እንደያዘች ናት።

ግዌንዳ ወደ ኋላ ተመለሰች። ወፏ አልተንቀሳቀሰችም። አሁንም ወደ ኋላ፣ ከመኪናዋ እየራቀች፣ ከአንድ የባንክሲያ ዛፍ ጀርባ እስክትሰወር። እኩለ ቀን ሆነ፤ አለፈ። በመጨረሻ ወፏ ሽው ብላ ሣሩ ውስጥ ገባች፤ ጭውጭውታው ደመቀ፤ አፏ ባዶ ሆኖ ወጥታ ሄደች። ያኔ ግዌንዳ ትንፋሿን ውጣ፣ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች አለፈች።

መኪናው ጋ ስትደርስ ስልኩ ጮኸ።

"እማዬ! የት ነሽ? የመኪና ቁልፍ ይዤ በር ላይ ነኝ!"

"አለሁ፣ አለሁ። ቁልፉን አስቀምጪ።"

"እኩለ ቀን ተባብለን አልነበረም? ከመንገድ ወጥተሻል አይደል?"

"ትንሽ። ላየርበርድ አሞኘኝ።"

"እማዬ!"

"ያዘገየኝ ግን እሱ አይደለም፤ ስሚኝ። አንዲት እናት ምግብ በአፏ ይዛ ከፊቴ ቆመች። እኔ አፍጥጬ እያየኋት ልጆቿ ጋ መግባት አልቻለችም። ምን ላድርግ፣ ረግጫት ልለፍ?"

"አፍጥጬ እያየኋት ያልሽው ለእኔ ነው?"

"ስለ ወፏ ነው ያወራሁት። ለራስሽ ከወሰድሽው አልከለክልሽም።"

"አንቺ ደግሞ! ትናንት የልጅ ልጅሽ ቲሊ ሹራብ ለብሳለች ወይ ብለሽ ትምህርት ቤት ድረስ የደወልሽው አያት ማን ነበረች?"

ግዌንዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ቀዝቅዞ ነበራ።"

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

"እሺ፣ ተራራው ላይ ማታ ትደውያለሽ?"

"እዚያ ኔትወርክ የለም። ነገ ስወርድ እደውላለሁ።"

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "እሺ እማዬ፣ ሂጂ። ሹራብሽን ግን ልበሺ።"

ስልኩን ሳታስቀምጥ የክለቡ አባል ክላይቭ ክንድ የሚያህል ካሜራውን ተሸክሞ ደረሰ። እሱ ያየው ወፍ ማታውኑ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ይለጠፋል፤ በማግስቱ ቦታው በሰው ይረገጣል።

"ምን አለ?" አላት፤ ከሰላምታ የሚቀድም የወፍ ተመልካቾች ጥያቄ ነው።

ምላሷን በላት። ዕድሜ ልኳን ስትፈልጋት የኖረች ወፍ ናት!

"ላየርበርድ። ብሪስልበርድ መስሎኝ ሸለቆ ድረስ ተከትዬው ወረድኩ።"

"አንቺ? በዚህ ሁሉ ዘመንሽ?" ክላይቭ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይህን ለክለቡ ሳልናገር አላድርም!"

"ተናገር። አንተ ግን በማዶው መንገድ ሂድ፤ በዚህ በኩል ያተረፍኩት ነገር ቢኖር መሞኘት ነው።"

እየሳቀ በማዶው መንገድ ሄደ። ግዌንዳ መኪናዋን ወደ ተራራው አዞረች። ከመነሳቷ በፊት ግን፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆኖ ሳለ፣ ሹራቧን አውጥታ ለበሰች።