አርፈው የማይቆሙት እግሮች

ውይ ኦፒያ! ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር!

አባቷ ልብስ አጣቢ ነው። ልብስ የሚያነጣ ያደረ ሽንት የሞላ ገንዳ ውስጥ ገብቶ የሮማ ጌቶች የሚደርቡትን ነጭ ቶጋ ሲረግጥ ይውላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ከገንዳው ወጥቶ እንኳ እግሩ አያርፍም፤ ቆሞ እያወራም ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ኦፒያ ደግሞ እሱን አስመስላ ስታሳይ፣ ኧረ ተዉኝ! አንድ ቀን ለገጣሚው ወንድሟ ለማኒየስ አሳየችው። በሳቅ ፈረሰ።

"ድገሚው በናትሽ! ድገሚው!"

ደገመችለታ።

ከዛ ሀብታሙ ቬራኒየስ ማኒየስን ከነቤተሰቡ ምሳ ጠራው። ግጥሙን ከወደደለት ሊደግፈው ነው፤ በቃ ያልፍለታል! አባቷ ሦስቴ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ኮርቶ ሄደ።

ማኒየስ መጀመሪያ የውዳሴ ግጥም አነበበ። ስለ ፀደይ፣ ስለ ወይን፣ ስለሚሮጠው ዕድሜ። እያንዳንዷ ቃል ተጠርባ የገባች! እንግዶቹ ግን ለምሳ የቀረበላቸውን ቀንድ አውጣ ይመጠምጣሉ። ከዛ ወደ ሽሙጡ ዞረ፤ ልክ ገበያ መሀል ሰው እንደሚያማ፣ ዘና ብሎ። እግሩ አርፎ ስለማይቆም አንድ ሰውዬ ነው። መሠዊያ ፊት ይረግጣል፣ ሠርግ ላይ ይረግጣል፣ ሲሞትም ሙታን የሚሻገሩበትን ጀልባ ረግጦ ያሰምጠዋል!

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ማን መሰላችሁ? አባቷ!

"የኔ ልጅ እኮ ነው!" ብሎ ከደስታው ብዛት ብድግ አለ። እግሮቹ ታዲያ... ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።

"እንዴ! ሰውዬው ይኸውላችሁ!" አለ አንዱ እንግዳ ጣቱን ቀስሮ።

አባቷ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ቬራኒየስ እንባው እስኪፈስ ስቆ ማኒየስን አጠገቡ አስቀመጠው። ኦፒያ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ማኒየስ እዛው ቀረ፤ እሷና አባቷ ብቻቸውን ተመለሱ። መንገድ ዳር ያለው ምንጭ ጋ ሲደርሱ አባቷ ውሃ ሊጠጣ ቆመ። አንዱን እግሩን በሌላው ላይ ጫን አድርጎ ያዘው።

"አባዬ፣ ማኒየስ እኮ..."

"ማኒየስ ጢም ካበቀለ ወዲህ ሥራ ቤቴን ረግጦት አያውቅም። እኔ ቤት ስመጣም እሱ ስሙን ሊያስጠራ ጌቶች ደጅ ነው የሚያመሸው። እግሬን የት አየው?"

"እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያሳየሁት፣ አባዬ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር!

"እንዴት አርገሽ ነው ያሳየሽው? እስኪ አሳዪኝ" አላት ቀስ ብሎ።

ኦፒያ ቆመች። እግሯ ከመንገዱ ድንጋይ አልነሣ አላት።